ሥዕሉ እንዳይረጥብ

አንድ ተረት ልንገራችሁ፤ ፈጣሪ የእንስሳትን አንደበት ገና ሳይዘጋ የሆነ ነው።

በአንድ ጫካ ውስጥ ከኮረብታ ሥር ረባዳ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ በዚያ ያልፋል። ጅግራም ሌላ ቦታ ቀበሮ አላስቆም ስላላት እንቁላሎቿን የጣለችው እዚያው ነው። እሷ ለመነች፣ እንስሳቱ ተሰበሰቡ፣ የጫካው ሹም ጎሽም "ከርከሮ ቦይ ይቆፍርና ጎርፉ ወደ ወንዙ ይዙር" ብሎ ፈረደ።

ከርከሮ ሊቆፍር ሲነሣ፣ ሩቅ አገር ተምሮ የመጣው ጦጣ ከለከለው።

"ሳይሳል ይቆፈራል እንዴ? እንስሳ ማለት ሳጥን ነው፣ ሥራ ማለት ክብ ነው፣ ትእዛዝ ማለት ቀስት ነው። ቀስት ሳይደርሰው ማንም እግሩን አያንሣ።"

ነገሩ ሁሉን ደስ አሰኘ። ጦጣ ከኮረብታው ሥር፣ ከረባዳው ከፍ ብሎ፣ ለስላሳ አፈር መርጦ በእንጨት ሳለ። ጎሽ የራሱን ሳጥን አየና "ከከርከሮ ሳጥን በምን ይበልጣል?" ብሎ ተቆጣ፤ አሰፉለት። ደግሞ የቀስቱ ጫፍ ድፍን ይሁን ክፍት በሚለው ተጨቃጨቁ። ድፍኑ ያዛል፣ ክፍቱ ይለምናል ተባለ። ጎሽም "እኔ ከርከሮን ለምኜ አላውቅም" አለ። ሰንበት አልፎ ሰንበት መጣ።

"በፈጠራችሁ፣ ሰማዩን እዩት" አለች ጅግራ።

"እመት ጅግራ፣ አንቺ ሥዕል ማንበብ አልተማርሽም፤ ታገሺ" አላት ጦጣ።

"እንቁላሎቼስ የትኛው ሳጥን ውስጥ ናቸው?"

"እነሱ ገና አልተፈለፈሉም፤ ሳጥን የላቸውም።"

አንድ ቀን ኮረብታው ጠቆረ፤ ሰማዩም አጉረመረመ። ያን ጊዜ ጦጣ ብድግ ብሎ "ሥዕላችን ሊጠፋ ነው! ከርከሮ፣ ዙሪያውን ቆፍር" አለ።

"ቀስቱስ ጌታዬ?" አለ ከርከሮ።

"አሁን የቀስት ሰዓት ነው? ቆፍር ስልህ።"

ከርከሮ፣ እግዜር ይስጠው፣ ዝናቡ ሳይደርስ ጨረሰ። ሌሎቹም ሥዕሉን በሰፋፊ ቅጠል አለበሱት። ጎርፉ መጣ፣ ቦዩን አገኘ፣ ሥዕሉን ዞሮ በሙሉ ጉልበቱ ወደ ረባዳው ወረደ።

ሲያባራ ቅጠሉን ገለጡት። አንድ መስመር እንኳ አልረጠበም። ጎሽ ተመስገን አለ፤ ሁሉም ተመስገን አሉ። ጅግራ ከጭቃው ወጥታ መጣችና ከሥዕሉ ዳር ቆመች።

"እንዴት እንዳማረ ተመልከቺ እመት" አላት ጦጣ። "እንግዲህ ያንቺን ቦይ መጀመር እንችላለን። ቀስቱም ድፍን እንዲሆን ተስማምተናል።"

ጅግራ የረጠበ ክንፏን ሰብስባ ሥዕሉን አየች።

"እንግዲያውስ እንቁላሎቼን እዚህ ውስጥ ሳሉልኝ" አለች። "እዚህ ጎርፍ አይገባም።"