ትራስ ስር የተገኘ ሀብት

አሜሪካ ውስጥ ሀብታም መሆን ይከብዳል የሚላችሁ ሰው፣ ድሃ ሆኖ ለመቆየት ሞክሮ አያውቅም! አትሳቁ... እናቴን ጠይቋት።

እማዬ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ነርሲንግ ሆም በሚሉት የአረጋውያን መጦሪያ ነው ያለችው። ወጪዋን ሜዲኬይድ የሚሉት የመንግሥት የድሆች ጤና መድን ይሸፍናል። እሱ ደግሞ የሚፈልገው በስሟ የረባ ገንዘብ እንዳይኖር ነው። ገንዘብ ማጣት ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው ስለሆነ እኔም እፎይ ብዬ ነበር።

አንድ ቀን ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሥራ ስነዳ ጉዳይዋን የምትከታተለው የነርሲንግ ሆሙ ሶሻል ወርከር ኮል አደረገችኝ።

«እናትህ ከተፈቀደው በላይ ገንዘብ አላት። ካልተስተካከለ ሜዲኬይዷ ይቋረጣል።»

መኪናዬን ዳር አስያዝኩ። እውነቴን ነው፣ ፈራሁ። እኔ ሥራ ስውል እማዬን ማን ያነሳታል? ማን ያገላብጣታል?

ገንዘቡ ከየት መጣ? ለካ ከትራሷ ስር! መቼም ታውቁታላችሁ፤ የኛ ሰው በሽተኛ ጠይቆ እንዲሁ አይወጣም። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቃት ሁሉ «እማማ፣ እግዜር ይማርዎት» እያለ ትራሷ ስር ይወሽቃል። አንሶላ የሚቀይሩት ደግሞ ጨዋ ሆነው ቁጭ! ያገኙትን ሁሉ ቢሮ ወስደው በስሟ ያስገባሉ። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ... ለእማዬ ግን ሸክሟ!

የክፍሏ በር ላይ ቆሜ ጠያቂዎቿን «በእናታችሁ፣ ገንዘብ አትስጧት!» እያልኩ ለመንኩ። ሰዉም «ምስኪን፣ ቸግሮት እኮ ነው የሚኮራው» ብሎ እጥፍ አደረገው።

«በቃ፣ ለነዳያን ልስጠዋ» አለች እማዬ።

«መስጠትም በሜዲኬይድ ሕግ ክልክል ነው። ለራስሽ ነው የምታወጪው።»

«ለራሴ? እኔ ምን ጎደለኝ?»

ዕድሜ ልኳን ለራሷ ነጠላ ገዝታ የማታውቅ ሴት! በስንት ልመና እንደ አልጋ የሚዘረጋ የቆዳ ወንበር አስመረጥኳት። ሶሻል ወርከሯ ደረሰኙን አይታ «አሁን ተስተካክሏል፣ ሜዲኬይዷ ይቀጥላል» ስትለኝ ላቅፋት ምንም አልቀረኝ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሄጄ፣ አዲሱ ወንበር ላይ ደልደል ብዬ ተቀመጥኩ።

ኮሽ!

ተነስቼ መቀመጫውን ገለጥ ባደርገው... ዶላር በዶላር!

«እማዬ! ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ ልጄ? አዲስ ወንበር አይተው ዝም ይበሉ እንዴ? የወንበሩ ምርቃት ነዋ!»