ሊቀ ባትሪ ዲበኩሉ

ሐሙስ ዕለት መቱ ላይ ዝናብ አባሮኝ ገለኔ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ዘው ብዬ ብገባ፣ ባንኮኒው ላይ ያጎነበሱ ሰው አየሁ። ጋሼ ዲበኩሉ ናቸው፤ የሠርግ ካሜራ ባለሙያው። የካሜራ ባትሪ እየመረጡ ነው። ወደ ዝናቡ መመለስ ነበረብኝ።

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ገዢ አለ፦ ገዝቶ የሚጸጸትና ሳይገዛ ባለሱቁን የሚያስጸጽት። ጋሼ ዲበኩሉ የሁለተኛው ወገን አለቃ ናቸው። ሰፈራችን «ሊቀ ባትሪ» ይላቸዋል፤ ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም፣ ሊሽርባቸው የደፈረ ግን የለም።

«ሆዱን እይ!» አሉኝ በሰላምታ ፈንታ። ባትሪውን መስታወቱ ላይ አስተኝተው በጣታቸው ገፋ አደረጉት። እንደ እንዝርት ዞረ። «አብጧል። ደህና ባትሪ ይተኛል እንጂ አይጨፍርም።»

ባለሱቋ ገለኔ ዘጠነኛውን ካርቶን ከፈተች። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቁጥሩ ከሁሉም ይበልጣል!»

«እሱ ነው ያስጠረጠረኝ። በዚህች ቁመት ይህን ያህል ጉልበት ከየት አመጣ?» ብለው በዝናቡ ጎረቤት ወዳለው ወርቅ ቤት ሄዱ፤ በወርቅ ሚዛን መዝነውት ተመለሱ። «ቀለለ። ግማሹ አየር ነው።»

«ያ ዋቃ! እትዬ ሀረገወይንንም እንዲህ መርጠው ነው ያገቧቸው?» አለች ገለኔ አምላኳን እየጠራች።

«ሀረገወይን ሻንጣ ውስጥ አትፈነዳም።»

እንዲህ ናቸው። ጎሬ ላይ አንድ ጊዜ ባትሪያቸው ቢግል፣ ሙሽራውን ከነሚዜዎቹ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አቁመው፣ ባትሪውን ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ አሳርፈው እንደ በሽተኛ አስታመውታል። ባትሪያቸው ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር በአንድ ኪስ አይጓዝም፤ እያንዳንዱ ጫፉ በፕላስተር ታሽጎ የየራሱ ካልሲ አለው። ቻርጅ የሚያደርጉት ደግሞ በእትዬ ሀረገወይን የሸክላ ድስት ውስጥ ነው፤ እስኪሞላ ከአጠገቡ አይነሱም። ምስኪኗ ሴትዮ ሽሮ ልትሠራ ክዳኑን ስትከፍት ስንቴ ባትሪ አግኝታለች!

ያን ቀን ግን ለመሳቅ አልቻልኩም። እሑድ ኖፓ ላይ የእህቴ ልጅ የኑኃሚን ሠርግ ነው፣ የሚቀርጹትም ጋሼ ዲበኩሉ ናቸው፤ ኖፓ ደግሞ መብራት ከጠፋ ሳምንት ሆኖታል። እናቴ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው። የልጅ ልጇን ስትመርቅ ድምፅዋ እንዲቀረጽልኝ እፈልጋለሁ፤ ከወር ወር እየሳሳ ነው። የጋሼ ዲበኩሉ አሮጌዎቹ ሁለት ባትሪዎች ግን አብጠው ከሥራ ተሰናብተዋል።

«ያበጡትን ይያዟቸዋ፣ ለአንድ ቀን ነው» አልኳቸው።

«መክብብ፣ ከሙሽሪት ቬሎ አጠገብ?» አሉና ዐይን ዐይኔን አዩኝ።

እንዲህ የሚያዩኝ በምክንያት ነው። አምና በርካሽ የገዛሁትን ባትሪ ፍራሽ ላይ ቻርጅ ሰክቼ ወጣሁ፤ ስመለስ ፍራሹ ይጨሳል፣ ጎረቤት ውሃ ይደፋበታል። ከተማው በሙሉ ሲስቅብኝ አንድ ሰው ብቻ አልሳቁም። በማግስቱ አዲስ የሸክላ ድስት በብብታቸው ይዘው መጡ፤ «ክዳኑን ገርበብ አድርገው» ብለውኝ ሄዱ። ሊቀ ባትሪ እያልኩ የማሾፈው እኔ፣ እስከ ዛሬ ስልኬን እንኳ የማስተኛው እዚያ ድስት ውስጥ ነው።

አሥራ አንደኛው ባትሪ ተኛ። የወርቅ ሚዛኑንም አለፈ። ቻርጅ ላይ ሰክተው ግማሽ ሰዓት ሙሉ በመዳፋቸው ዳበሱት፤ አልጋለም። ሁለተኛ የሚያምኑት ባትሪ ግን ጠፋ።

«አንድ ባትሪ ለሠርግ? ሌላ ይጨምሩ እንጂ!» አለች ገለኔ ካርቶኖቿን እየሰበሰበች።

«የማላምነውን ተሸክሜ ኖፓ አልሄድም።»

ዝናቡ አባራ። ባትሪያቸውን ካልሲ አልብሰው ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ባጃጁ ከተንቀሳቀሰ በኋላ አንገታቸውን አውጥተው ጮኹብኝ፦

«መክብብ! ዲስኩር የሚያበዛ ሽማግሌ ካለ እንዲያሳጥር ከአሁኑ ለምነው፤ ያለኝ ባትሪ ለእናትህ ምርቃት ነው!»