ከኋላ የተነበበችው ቀበሮ

ዝም የሚል ሰው ስታዩ ምን ታደርጋላችሁ? እውነቱን እንነጋገር፤ ደስ ያላችሁን ቃል አፉ ውስጥ ታስገቡለታላችሁ። እኔ ራሴ ዝም የምል ሰው ስለሆንሁ ይህን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ሠርግ ላይ ዝም ስል «ሙሽራይቱን አልወደዳትም» ይላሉ። ለቅሶ ላይ ዝም ስል «አንጀቱ አሮ ነው» ይላሉ። የደብራችን ስብሰባ ላይ ዝም ስል ደግሞ «ጋሽ አድማሱ ተስማምተዋል» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ይጻፋል። አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ከገባሁ ጀምሮ በዚህ ዓይነት በስንት ነገር እንደተስማማሁ እግዚአብሔር ይወቀው። ምንጣፉ እንዲቀየር ተስማምቻለሁ። የድምፅ ማጉያው እንዲጨመር ተስማምቻለሁ፤ ጆሮዬ እስከ ዛሬ ይጮኻል።

መጽሐፍም እንደ ሰው ነው። ፊደሉን ካላወቃችሁት ዝም ይላችኋል፤ ያን ጊዜ እናንተ ትናገሩለታላችሁ። ይህን የተማርሁት ምንጃር፣ ሦስተኛ ክፍል ላይ ባቋረጥሁት ትምህርት ቤት አይደለም። እዚሁ፣ በአንዲት ቀበሮ ምክንያት ነው።

ልጄ ምሕረት ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ወደዚህ አገር ስትመጣ ጥርስ እንኳ አላወጣችም። እኔ አባቴን «እርስዎ» እያልሁ፣ ያውም ዐይኔን መሬት ላይ ተክዬ ነው ያደግሁት፤ እሷ «አንተ» ትለኛለች፣ ያውም ማስቲካ እያኘከች። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። እኔም ብዙ ስለማልጠይቅ ተስማምተን እንኖራለን።

ክሪስቲ የምትባል ጓደኛ አለቻት። ክሪስቲ ኮሪያ ተወልዳ፣ ጸጉራቸው ገለባ የመሰለ የሚኒሶታ ባልና ሚስት በማደጎ ያሳደጓት ልጅ ናት። እንደ እሷ ያሉ ልጆች እዚህ ብዙ ናቸው። ስለ ኮሪያ የምታስታውሰው ነገር የለም፤ የኮሪያ ነው ብላ የምትይዘውም አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። የሰጠቻት ዩኒቨርሲቲ አቬኑ በሚባለው ጎዳና ላይ ሩዝና ጎመን የምትሸጥ አንዲት ኮሪያዊት አሮጊት ናት። ማንጋ ይሉታል፤ ከዳር እስከ ዳር በጥቁር ቀለም የተሣለ የሥዕል መጽሐፍ። ሴትዮዋ «ተረቱ የእኛ ነው፤ ጽሑፉ ግን የጃፓን ነው» ብላታለች አሉ። ይህ ሌላውን ሰው ግር ሊለው ይችላል። እኔን አላለኝም። የእኔም ተረት በልጄ አፍ የሚወጣው በእንግሊዝኛ ነው።

ያን መጽሐፍ ምሕረት ዓርብ ዕለት ተዋሰችው። ሰኞ የግድ መመለስ ነበረባት፤ በክፍላቸው እያንዳንዱ ልጅ ከዘሩ አገር አንድ ነገር ይዞ፣ ቆሞ እንዲያወራ ታዟል። ክሪስቲ ከዚህ መጽሐፍ ሌላ ይዛ የምትቆመው ነገር አልነበራትም።

ቅዳሜ ደግሞ ደመራ ነበር። እዚህ አገር በዓል ሁሉ ቅዳሜን ይጠብቃል። ደመራውን የማቆም ሥራ ሁልጊዜ የእኔ ነው፤ ገበሬ ነበር፣ እንጨት ያውቃል ይላሉ። ሌላ ነገር ያውቃል ያለኝ ሰው የለም። ከሰዓት በፊት ቤተ ክርስቲያኑ የመኪና ማቆሚያ ላይ እንጨት ሳወርድ፣ መዝሙር ልምምድ ላይ የነበረችው ልጄ እየሮጠች መጣች። ፊቷ በእንባ ታጥቧል።

«አባዬ፣ የክሪስቲን ቡክ ሊያቃጥሉት ነው! እዚህ ውስጥ!» ብላ እጄ ላይ ያለውን እንጨት አሳየችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመዝሙር አስተማሪዋ መጽሐፉን ቦርሳዋ ውስጥ አይታ ገለጥ ስታደርገው ዘጠኝ ጭራ ያላት ቀበሮ አፏ በደም ተነክሮ ታገኛለች። አማትባ ለኮሚቴው ሊቀ መንበር ለአቶ ጌታሁን ትሰጣለች። አቶ ጌታሁን «የአጋንንት ነው፤ ማታ ደመራው ውስጥ ይግባ» ይላል።

«ባሮው አድርጌ ነው አባዬ። እመልሳለሁ ብዬ ፕሮሚስ አድርጌያለሁ።»

እኔ ለዚህች ልጅ መልካም አባት ነኝ ብዬ አልፎክርም። ስቄላት አላውቅም። ቴሌቪዥኑን እዘጋባታለሁ። መጽሐፉን እኔ ባገኘው ኖሮም ቁጣዬን ትቀምሰው ነበር። ነገር ግን ውሰት የሚባለውን ነገር እኔ አውቀዋለሁ። በእኛ አገር የሰው በሬ ተውሰህ ካረስህ፣ ማታ መጀመሪያ የሚበላው የውሰቱ በሬ ነው፤ የራስህ ቆሞ ያያል። ጠዋት ከወሰድኸው የተሻለ አድርገህ ትመልሳለህ። ይህን ያላደረገ ሰው በሚቀጥለው ክረምት መሬቱን በጥፍሩ ይቧጥጣት።

እንጨቱን ጥዬ ወደ ምድር ቤቱ ወረድሁ።

ኮሚቴው በሙሉ ተቀምጧል፤ መምሬም አሉ። በላያቸው ግድግዳው ላይ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ሆኖ ዘንዶውን ይወጋል። መጽሐፉ ጠረጴዛው መካከል ላይ ነው። በላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው አፉን ሁለት ጊዜ ቋጥረውታል፤ ዘሎ እንዳይነክሳቸው መሰለኝ።

«ጋሽ አድማሱ፣ እንኳን መጡ» አለ አቶ ጌታሁን። ኮሌጅ የጨረሰ፣ ክራቫት የማይለየው፣ በዕድሜ ታናሼ ነው። «መቼም በዚህ ነገር እርስዎም ይስማማሉ...»

«አልስማማም።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አነሣ፤ የሚጽፈው ጠፋውና መልሶ አስቀመጠው።

«የአጋንንት መጽሐፍ እኮ ነው!»

«የሰው መጽሐፍ ነው። ውሰት ነው።»

«የማንም ይሁን...»

«ሰው ያዋስዎትን በሬ ቀንዱ አላማረኝም ብለው ያርዱታል?»

«ጋሽ አድማሱ፣ እኛ እዚህ በሬ የለንም።»

«እሱማ ያስታውቃል።»

መምሬ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እኔ ቀጠልሁ። በዚያች ቀን የተናገርሁት የሦስት ዓመት ድርሻዬን ሳይጨርስ አልቀረም። «ምን ይላል መጽሐፉ? ከእናንተ ያነበበው ማን ነው?»

እዚያ የተቀመጡት ሰዎች ዲግሪ ቢቆለል ጣሪያ ይነካል፤ የጃፓን ፊደል የሚያውቅ ግን የለም።

«እንግዲያው እኔ አነብላችኋለሁ» አልሁ።

ቋጠሮውን ፈታሁት። ሽፋኑ ላይ ጥቃቅን ጽሑፍ እንጂ ሥዕል አልነበረበትም። ገለጥሁና ሥዕሉን በጣቴ እየተከተልሁ ጀመርሁ። ዘጠኝ ጭራ ያላት ቀበሮ፣ አፏ ደም እንደሆነ፣ መቃብር አጠገብ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ቀጥሎ አንድ ገበሬ ሞቶ ወድቋል፤ አንዲት ሴት አፏ ደም ሆኖ ላዩ ላይ ጎንበስ ብላለች። በእጇ ጉበቱን ይዛለች። ቀጥሎ ጉበቱ የለም፤ ሰውየው ዐይኑን ከፍቷል። «አያችሁ?» አልሁ፤ «ጉበቱን መለሰችለት።» ሰውየው ተነሣ። ከዚያ አብረው እህል ሲወቁ አየን። ከዚያ ተጋቡ። ከዚያ ሴትዮዋ ብቻዋን በጫካው ውስጥ ሄደች። በመጨረሻው ገጽ እንደገና ቀበሮ ሆና ጫፉ ላይ ደመና የተኛበት ተራራ ላይ ቆማለች፤ መንደሩን ቁልቁል ታያለች።

«መነነች» አሉ መምሬ ቀስ ብለው።

«ክፉ ሠርታ ተጸጸተች፤ የወሰደችውን መለሰች» አለ ጸሐፊው። አቶ ጌታሁን ራሱ አንገቱን አስግጎ ያቺን ተራራ ያያል።

«ቀበሮዋ እንኳ የሰው ጉበት ከመለሰች፣» አልሁ፣ «እኛ የሰው መጽሐፍ መመለስ ያቅተናል?»

መጽሐፉን አንሥቼ ወጣሁ። የሚያስቆመኝ አልነበረም። ደመራውን አቆምሁ፤ ሲመሽ ተቀጣጠለ፤ ጥሩ ነደደ። በደረቅ እንጨት ብቻ።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ መኪና ውስጥ ምን እንዳልኋቸው ጠየቀችኝ። እያንዳንዱን ገጽ ነገርኋት። አፏን ይዛ ሰማችኝ፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት፣ ማስቲካውን ዋጠችው።

«አባዬ፣ ባክዋርድ ነው ያነበብከው!»

የጃፓን መጽሐፍ ለካ በእኛ መጨረሻ ይጀምራል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ቀበሮዋ ከተራራው ወረደች፤ ልጃገረድ ሆነች፤ ገበሬውን አገባች፤ አብራው ወቃች፤ ከዚያ ጉበቱን በላችው። መጨረሻ ላይ መቃብሩ አጠገብ ታለቅሳለች። መጽሐፉ ዝም ስላለኝ፣ ሰው እኔን የሚያደርገኝን እኔም አደረግሁት።

ሰኞ መጽሐፉ ለባለቤቱ ደረሰ። ምሕረት በአዲስ ወረቀት ሸፍና፣ ከተዋሰችው የተሻለ አድርጋ ነው የመለሰችው፤ ያን ማን እንዳስተማራት አልጠየቅሁም። ክሪስቲም ክፍሉ ፊት ቆማ ተረቱን ከፊት ወደ ኋላ፣ ደግሞ ከኋላ ወደ ፊት ተናገረችው። ልጆቹ የእኔን ወደዱት አሉ።

አሁን እናንተ «በቃ፣ ዝም በል፤ መቼስ ዝምታ ታውቅበታለህ» ትሉኛላችሁ። ዝም አላልሁም። ልጄን ስትዋሽ የምቀጣ ሰው፣ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የተናገርሁትን ውሸት ይዤ እንዴት ልኑር? በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኮሚቴው ፊት ቆምሁ።

«መጽሐፉን ከኋላ ነው ያነበብሁት። ሴትዮዋ አልመነነችም።»

አቶ ጌታሁን ክራቫቱን ላላ አደረገ። «ታዲያ... በላችው?»

«በላችው።»

«ጉበቱን?»

«ከነሐሞቱ።»

ቀስ በቀስ ፊቱ ቀላ። «መጽሐፉስ አሁን የት ነው?»

«ከባለቤቱ ዘንድ።»

«ይህን አውቀው ቢሆን ኖሮ ቅዳሜ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ያንኑ። ንባቡ ብቻ ያጥር ነበር።»

መምሬ ለውሸቱ አርባ ስግደት አዘዙኝ። መጽሐፉን በማዳኔ ስላልተጸጸትሁ ግን ምንም አላዘዙም፤ ተጸጽተሃል ወይ ብለው አልጠየቁኝምና። እዚያው ምድር ቤት፣ ጊዮርጊስ ፊት፣ በጉልበቴ ቁርጥማት አርባውንም ሰገድሁ። በተነሣሁ ቁጥር ከፈረሱ ኮቴ ሥር ያለው ዘንዶ ምላሱን አውጥቶ፣ ዐይኑን አፍጥጦ ያየኛል። ቀንድ አለው፤ ጭራው ሦስት ጊዜ ተጠምጥሟል፤ አፉም ደም ነው።

እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ማንም ደመራ ውስጥ አልጨመረውም።