ጋሽ ሐሩን እና የመስቀል ወፏ

በየሰፈሩ አንድ ፎቶ የማያነሳ ፎቶ አንሺ አለ። ካሜራው ከአንገቱ አይወርድም፤ ሰርግ ላይም፣ ለቅሶ ላይም፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይም አብሮት ይቀመጣል። "እስቲ አንድ አንሳን" ስትሉት ግን ጥርስህን ነቅለህ ስጠን ያላችሁት ያህል ደንግጦ ያያችኋል። የእናንተን ሰፈር አላውቅም። የእኛው፣ የወሎ ሰፈሩ፣ ክቡር ጋሽ ሐሩን ይባላሉ።

ጋሽ ሐሩን በንግድ ፈቃዳቸው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው፤ በመንፈሳቸው የአዕዋፍ ሁሉ አምባሳደር። ሱቃቸው የፍሬን ሸራ ልትገዙ ገብታችሁ ስለ ጭልፊት አበራረር ሳትማሩ አትወጡም። አንድ የታክሲ ሹፌር መኪናውን መንገድ ላይ አቁሞ ካንዴላ ሊገዛ እየሮጠ ገባ፤ ጋሽ ሐሩን ካንዴላውን በእጃቸው እንደያዙ ቁራ ልጆቿን መብረር እንዴት እንደምታስተምር አጫወቱት። ሲወጣ ትራፊኩ ክሱን ጽፎ ጨርሶ ነበር። በሳምንቱ ሹፌሩን ሳገኘው ስለ ክሱ አላነሳም፤ ያወራኝ ስለ ቁራዋ ነው።

ሰው ግን አያነሱም። "ሰው የት ይሄዳል?" ይላሉ። "ሰው ነገም አለ። ወፍ ግን ዓይንህን ጨፍነህ ስትገልጥ የለችም።" በዚህ ምክንያት የገዛ ባለቤታቸው ወይዘሮ ኑራ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ኖረው፣ በባላቸው ካሜራ የተነሱት አንድ ፎቶ አልነበራቸውም። የመታወቂያ ፎቶ ሲያስፈልጋቸው ፎቶ ቤት ሄደው ነው የተነሱት። ለምን እንደሆነ የጠየቃቸው ሰው ካለ "ክንፍ የለኝማ" ይላሉ። እየሳቁ ነው የሚሉት፤ ግን ሁልጊዜ ነው የሚሉት።

በነገራችን ላይ ማኅበር አለን። በየዓመቱ ጳጉሜን አራት ቀን ከሰዓት በኋላ በእትዬ መኪያ ጭማቂ ቤት እንሰበሰብና፣ ዓመቱ ከመውጣቱ በፊት የዓመቱን ምርጥ የተፈጥሮ ፎቶ እንመርጣለን። የተመረጠው ከባንኮኒው በላይ ባለችው ሚስማር ላይ እስከሚቀጥለው ጳጉሜን ይሰቀላል። አባላቱ አራት ነን። እትዬ መኪያ ደመና ብቻ ያነሳሉ፤ ከጭማቂ ቤቱ በር ሳይርቁ የሚያገኙት ተፈጥሮ እሱ ስለሆነ። ጡረታ የወጡት የሂሳብ አስተማሪ መምህር ኃይለኪሮስ ዛፍ ብቻ ያነሳሉ። "ዛፍ ሥነ ሥርዓት አለው፤ ቁም ካልከው ይቆማል" ነው የሚሉት። አራተኛው እኔ ነኝ። ካሜራ ስለሌለኝ ጸሐፊ አደረጉኝ።

ሕጋችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለአንድ ሰው በዓመት አንድ ባለ ሠላሳ ስድስት ፊልም፤ እሱም ከጳጉሜን በፊት አይታጠብም። ሁለተኛ፣ ፎቶው ጠረጴዛ ላይ ከቀረበ በኋላ ባለቤቱ አይናገርም። ይህን ሁለተኛውን ያረቀቁት ራሳቸው ጋሽ ሐሩን ናቸው፣ መምህር ኃይለኪሮስ ስለ አንድ ባሕር ዛፍ ሃምሳ ደቂቃ ካስረዱን ቀን በኋላ።

ማኅበሩ ከተመሠረተ ስድስት ዓመት ሲሆነው ጋሽ ሐሩን አንድም ጊዜ አልተመረጡም ነበር። ወፎቻቸው ሊነሱ ሲሉ ይበራሉ። ፎቶው ላይ የሚቀረው የተቀመጡበት ቦታ ነው። መምህር ኃይለኪሮስ መነጽራቸውን አውልቀው፣ አጽድተው፣ መልሰው አድርገው ያዩና "ጥሩ ቅርንጫፍ ነው" ይላሉ። ጋሽ ሐሩን በሕጋቸው መሠረት ዝም ይላሉ፤ ግን ጆሯቸው ይቀላል።

በ1989 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነገር ተለወጠ። ጋሽ ሐሩን ከቦሌ ሚካኤል ወዲያ ባለው ሜዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ የመስቀል ወፍ አገኙ። ከአደይ አበባ ጋር መጥታ ከአደይ አበባ ጋር የምትጠፋውን፣ ሁላችንም ስሟን እየጠራን ብዙዎቻችን ልብ ብለን አይተናት የማናውቀውን ወፍ።

"ካሜራው ባዶ ነበር" ብለው ነበር የሚጀምሩት። "ፊልሙ ኪሴ ውስጥ ነው። ዓይኔን ከነቀልኩ ሄደች ማለት ነው። እርጥቡ ሣር ላይ በሆዴ ተኛሁ፤ እሷን እያየሁ ፊልሙን በዳሰሳ አጎረስኩት። በዳሰሳ፣ ትሰማኛለህ? ከዚያ አንዴ ተጫንኩ። ወላሂ ሙሉዋን ነው ያገኘኋት።"

ቀጥሎ ወፏ ትመጣለች። "ጥቁር ናት። የከሰል ጥቁረት አይደለም፣ የሐር ነው። አንገቷ ላይ ቀይ ክር ያሰረች ትመስላለች። ጅራቷ ከራሷ ይረዝማል፤ ስትነሳ እሷ ትቀድምና ጅራቷ ኋላ ይደርስባታል።" ይህን ሲሉ እጃቸው ከባንኮኒው ተነስቶ፣ የዘይት ጣሳዎቹን አልፎ፣ በቀስታ እየተወዛወዘ እስከ በሩ ይሄዳል። በጥር ወር ወሎ ሰፈር ውስጥ ያቺን ፎቶ ያላየ ሰው አልነበረም፤ ፊልሙ ገና ካሜራው ውስጥ ተጠቅልሎ ሳለ። አንድ የጭነት መኪና ረዳት ከኮምቦልቻ በተመለሰ ቁጥር "ጋሼ፣ ያቺ ወፍ ደህና ናት?" እያለ ይጠይቅ ነበር። ርግብን ከዋኔ የማልለየው እኔ እንኳ ከሥራ ስወጣ ሽቅብ እያየሁ መሄድ ጀመርኩ፤ ሁለት ጊዜ ቦይ ውስጥ ገብቻለሁ።

ጳጉሜን ደረሰና ጋሽ ሐሩን ፎቶ ቤት ሲሄዱ እኔም በጸሐፊነቴ አብሬ ሄድኩ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ይትባረክ ፊልሙን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ወጣ። ዓይኑን ከጠረጴዛው ላይ አላነሳም።

"ጋሼ፣ ፊልሙ ጥርሱን አልያዘም" አለ። "መጀመሪያ ሲያጎርሱት ስቷል። እርስዎ ሲያዞሩት ቁጥሩ ይቆጥራል እንጂ ፊልሙ ከቦታው አልተነቃነቀም።"

"ከየትኛው ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው።"

ጋሽ ሐሩን ፊልሙን ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አደረጉትና ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው እየተከተሉ አዩት። እንደ መስኮት መስታወት ወዲያ ማዶው ይታያል። በዳሰሳ የምትለውን ቃል በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ በኩራት እንደሰማኋት አሰብኩ። እሳቸውም እሷኑ ያሰቡ ይመስለኛል። በመንገዳችን ላይ አንድ ጭልፊት ዝቅ ብሎ ሲያልፍ እንኳ ቀና ብለው አላዩትም።

ከስብሰባው ይቀራሉ ብዬ ነበር። ግን በሰዓታቸው መጡ፤ ያንን ባዶ ፊልም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ። ባለቤቱ አይናገርምና ዝም አሉ። መምህር ኃይለኪሮስ አንስተው ወደ አምፖሉ አዩት፣ ረጅም ጊዜ አዩት። "ጥሩ ቅርንጫፍ ነው" እንዳይሉ ፈራሁ።

"ፎቶ የሌለበት ፊልም ድምፅ አይሰጠውም" አሉ መምህር። ከዚያ ፊልሙን እንዳይጨማደድ ቀስ ብለው ጠቀለሉትና ለጋሽ ሐሩን መልሰው ሰጧቸው። "በመስከረም ፊልሙን እኔ አጎርስልሃለሁ።"

ያን ዓመት የእትዬ መኪያ ደመና ተመረጠ። እሳቸው ግን አልሰቀሉትም። "ደመና ሞልቷል" አሉ። ሚስማሯ ዓመቱን ሙሉ ባዶዋን ቆየች።

በ1990 መስከረም አምስት ሰዎች በጋሽ ሐሩን ቮልስ ታጭቀን ወደዚያ ሜዳ ሄድን። አምስተኛዋ ወይዘሮ ኑራ ነበሩ። "ዓመት ሙሉ የቀናሁባትን ልያት" ብለው ነው የመጡት። ስንደርስ ሜዳው ላይ ችካል ተተክሎ፣ ቦታው በኖራ መስመር እየተከፋፈለ ነበር። መምህር ኃይለኪሮስ ችካሎቹን ቆጠሩ። "የሚቀጥለው መስከረም እዚህ የሰው ሳሎን ነው" አሉ። ወይ ዛሬ ነው፣ ወይ ቀርቷል።

መምህር የቮልሱ ኮፈን ላይ ፊልሙን አጎረሱ። አንዴ አዙረው በግራ በኩል ያለችው እጀታ አብራ መዞሯን አዩ፤ ለጋሽ ሐሩን አሳዩ፤ ለእኔም አሳዩ። "ይዟል ብለህ ጻፍ" አሉኝ። ጻፍኩ።

ከዚያ ሣሩ ውስጥ ተቀመጥን። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሌላም ግማሽ ሰዓት። ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ርሷል። እውነቱን ልናገር፣ ወፏ ድሮም አልነበረችም ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር። አንድ ሰው የሚወደውን ፈልጎ ሲያጣ በአፉ የፈጠራት ነገር ናት አልኩ በልቤ። በሐሳቤ ሳለሁ መጥታ ከፊታችን ካለው ችካል ላይ አረፈች።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ጋሽ ሐሩን ቀንሰው ነበር ያወሩት። ያን ዓመት ሙሉ አጋነኑ ያልኳቸው ሰውዬ ቆጥበው ነው የነገሩን። ጥቁረቷ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ሌላ ቀለም ይሆናል። ጅራቷ በነፋሱ ወደ አንድ በኩል ሲሄድ እሷ እንዳትወድቅ ራሷን ወደ ሌላው ታዘነብላለች። መምህር ኃይለኪሮስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እትዬ መኪያ ሊጠቁሙ ጣታቸውን ዘረጉ። "አንተ ሐሩን" አሉ ወይዘሮ ኑራ በሹክሹክታ፣ "እውነትህን ኖሯል።" ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ካሜራው አንድ ጊዜ ቀጭ አለ። ወፏ ተነሳች፤ ጅራቷ ኋላ ደረሰባት።

ደስ ብሎኝ ወደ ጋሽ ሐሩን ዞርኩ። ጀርባቸውን ለችካሉ ሰጥተው ተንበርክከዋል። ካሜራው ወደ እኛ ነበር።

"ጋሽ ሐሩን፣ ወፏን እኮ አላነሷትም" አልኳቸው።

"እሷን አምና አይቻታለሁ" አሉ። "እናንተን ግን እንዲህ ሆናችሁ አይቼ አላውቅም።"

መምህር ኃይለኪሮስ ቮልሱ ውስጥ ሲገቡ "አጎረስኩልህ እኮ" አሉ፣ ልቡ በተሰበረ ሰው ድምፅ።

ፎቶው በጳጉሜን ወጣ። ወይዘሮ ኑራ መሐል ላይ ናቸው፤ ሻርፓቸው ትከሻቸው ላይ ወርዷል፣ ፊታቸው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ፊት ነው። መምህር ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል። እትዬ መኪያ ጣታቸውን ዘርግተው መጠቆሙን ረስተውታል። እኔ አፌን ከፍቻለሁ፤ ጎጆ የሚሠራ ወፍ ይገባበታል።

"ይህ የተፈጥሮ ፎቶ አይደለም" አሉ መምህር ኃይለኪሮስ።

"እኛስ በፋብሪካ ነው የተሠራነው?" አሉ እትዬ መኪያ።

ጋሽ ሐሩን እንደ ሕጋቸው ዝም ብለው ነበር፤ ጆሯቸው ግን ቀልቷል። መምህር ፎቶውን ሦስት ጊዜ አንስተው አስቀመጡት። በመጨረሻ "ቅርንጫፍ እንኳ የለውም" አሉና እጃቸውን አወጡ። ሁላችንም አወጣን። ወይዘሮ ኑራ አባል ስላልሆኑ ድምፅ የላቸውም። ፎቶውን ከጠረጴዛው አንስተው እስኪበቃቸው ካዩ በኋላ ለባላቸው "ክንፍ ሳላወጣ" አሏቸው። ጋሽ ሐሩን ስለ ጭማቂው አንድ ነገር ሊናገሩ ጀመሩና ተዉት።

ከዚያ ወዲህ ሕግ ጥሰናል። ዓመቱ አልፎ ሌላ ፎቶ ቢመረጥም ያችን ፎቶ ከሚስማሯ ያወረደ የለም። ሜዳው ላይ፣ መምህር እንዳሉት፣ ሳሎኖች ተሠርተዋል። ጭማቂ ቤት የሚገባ እንግዳ ሁሉ ቀና ብሎ ያይና "ምን እያያችሁ ነው?" ይላል። ብዙ ጊዜ እኔ እዚያው ስላለሁ ብርጭቆዬን አስቀምጣለሁ። "ጥቁር ናት" እላለሁ። "የከሰል ጥቁረት አይደለም፣ የሐር ነው።" እጄ ከባንኮኒው ተነስቶ ወደ በሩ ሲሄድ አየዋለሁ፤ ማንን እንደመሰልኩም አውቃለሁ፤ ግን አላቆምም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው የአቮካዶ ጭማቂው እጁ ላይ እንዳለ፣ ታክሲው እየጠራው፣ እስክጨርስ ቆሞ ሰማኝ።

"ፎቶዋስ?" አለኝ።

"ያውና" አልኩት፣ ወደ አራታችን ፊት እያመለከትኩ።