የእማሆይ ኑዛዜና የእኔ የእጅ ጽሑፍ

ቅጽ ላይ ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ ቀላሉ «ሙሉ ስም» የሚለው ነው ይባላል። ማን ነው ያለው? ሰው ዕድሜውን ሲጠየቅ ጣራ ጣራውን ያያል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ትንሽም ይዋሻል። ስሙን ሲጠየቅ ግን ደረቱን ነፍቶ ነው የሚመልሰው። እኔ ከእማሆይ ኑዛዜ ወዲህ ስሙን በፍጥነት የሚናገር ሰው ባየሁ ቁጥር «የቱን ስምህን?» ልለው ይቃጣኛል።

እማሆይ ጽጌ ማርያም የአባቴ እህት ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ቆብ ደፍተው ከመመንኮሳቸው በፊት አክስቴ እላቸው ነበር። ልጅ አልወለዱም። ያሳደጉት ጥሩነሽን ነው፤ እናቷ በወሊድ የሞተችባት የጎረቤት ልጅ ናት፣ በአራስነቷ ነው ያነሷት። ዛሬ ደግሞ እሷ በተራዋ ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ ገብሱን ታሳርሳለች፣ በጎቹን ትጠብቃለች።

እማሆይ ሳል ሲጠናባቸው ቤቱንና መሬቱን ለጥሩነሽ በጽሑፍ ላድርግላት አሉ። ልክ ነበሩ። ያለ ኑዛዜ ቢሞቱ ጥሩነሽ ባዶ እጇን ልትወጣ ነው። የሥጋ ወራሾቹ እኛ የወንድም ልጆች ነን። «ነን» ያልኩት እኔም ስላለሁበት ነው፤ ሌላው ታላቅ ወንድሜ ጌታቸው ነው።

ታዲያ ኑዛዜውን እንዲጽፍ የተመረጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እኔ! ከእማሆይ መንደር የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ ባለችው ቀየት ከተማ አማርኛ አስተምራለሁ። የሚጠሉኝ ሰዎች እንኳ የእጅ ጽሑፌን ማማር አይክዱም። እሁድ ከቅዳሴ መልስ አራት ምስክሮች ተሰበሰቡ፣ እኔም «እኔ እማሆይ ጽጌ ማርያም፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ አእምሮዬ...» ብዬ ጀመርኩ። ስጨርስ ድምፄን ሞረድ አድርጌ አነበብኩ። ሦስቱ ፈረሙ፣ አራተኛው በጣቱ አተመ። ጠላ ቀረበ። ጥሩነሽ ከበሩ ኋላ ሆና አለቀሰች። እኔም ሐውልት ቢቆምልኝ እንኳ የሚበዛብኝ ሳይመስለኝ ወደ ከተማዬ ተመለስኩ።

ማክሰኞ ዕለት ወረቀቱን ይዤ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ለሰው ክስና ማመልከቻ ወደሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ ሄድኩ። ምክር ፈልጌ ነው ብል ውሸት ነው፤ እንዲያደንቀኝ ነው። የመነጽሩን አንድ ጆሮ በክር አስሮ የሚሠራ፣ ብዙ ክስ ያየ ሰው ነው። አነበበና የመሬቱን የይዞታ ደብተር ጠየቀኝ። ጥሩነሽ ከኑዛዜው ጋር አብሮ ይቀመጥ ብላ ሰጥታኝ ስለነበር አወጣሁለት። ደብተሩ ላይ ያለው ስም «ወይዘሮ ሙላቷ ይርዳው» ነው። ራፖር ጸሐፊው በጣም በትሕትና፣ እኚህ እማሆይ የወይዘሮ ሙላቷን መሬት ለሰው የሚሰጡት ምን አግብቷቸው ነው ሲል ጠየቀኝ። አንድ ሰው ናቸው፣ ሙላቷ የዓለም ስማቸው ነው አልኩት። የቱ ጋ ተጽፏል አለኝ። የትም አልተጻፈም። የአባታቸውን ስም እንኳ አላሰፈርኩም። ቀጥሎ፣ ይህ ወረቀት ቢወድቅ መሬቱን የሚወርሰው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። «እኔና ወንድሜ» አልኩ። መነጽሩን አውልቆ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። በግ ሲሰርቅ የተያዘ ሰው ነው እንዲያ የሚታየው።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ጥዬ ወደ እማሆይ ሩጫ ነው። ተማሪዎቼ የዚያን ዕለት እንዴት እንደወደዱኝ አልነግራችሁም። የሦስት ሰዓቱን መንገድ በሁለት ሰዓት ጨረስኩት። እማሆይ ሞተው ቢሆንስ? የአማርኛ አስተማሪ ስም መጻፍ ረሳ ቢባል ማን ያምናል? «አውቆ ነው» ይሉኛል፤ እኔም ብሆን እላለሁ። ከኮረብታው ጫፍ ስደርስ ግቢያቸው በሰው ተሞልቶ አየሁ። ለቀስተኛ መሰለኝ። ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ቀስ ብዬ ቀና ስል ግን ሰዎቹ ጣራ ላይ ናቸው፤ ለካ ቤቱን በጓሳ ሣር እየከደኑላቸው ነው!

እማሆይ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ገብስ ቆሎ ይቆረጥማሉ። ጉልበታቸውን ስሜ ጉዳዩን ነገርኳቸው፤ ሙላቷ ይርዳው የሚለውን እንጨምር አልኩ። አይሆንም አሉኝ። «ያቺማ ሞታለች። ቆብ ስደፋ የሙታኑ ጸሎት ግንዘት አልተነበበላትም? አንተስ ቆመህ አላለቀስክላትም?» አልቅሻለሁ፣ አልክድም። በዚህ ዕድሜዬ በሞተች ሴት ስም ወረቀት ላይ አልዋሽም ብለው ቆሏቸውን ቀጠሉ። ለመንኩ፣ ሕግ ጠቀስኩ፣ ተቆጣሁም። ጥሩነሽ ሣር እንደታቀፈች መጥታ፣ ይቅርብኝ፣ እማሆይን አታስጨንቅብኝ አለችኝ። ይህን ስትል ከመሬት በታች ብገባ ደስ ባለኝ።

የነፍስ አባታቸው መምሬ ኃይሌ ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው ይሰሙን ኖሯል። ድምፃቸውን ሳያነሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ሙላቷ ሞታ ከሆነ መሬቷ ያን ጊዜውኑ ለወራሾቿ አልፏል፤ ታዲያ እማሆይ ይህን ሦስት ዓመት የማንን ገብስ ሲበሉ ኖሩ?

የእማሆይ እጅ አፋቸው ሳይደርስ ቆመ። ቆሎውን አዩ። እኔን ወራሹን አዩ። ቆሎውን ቀስ አድርገው ወደ ሰፌዱ መለሱና «ጻፍ!» አሉኝ።

መጻፍ ብቻ? የዓለም ስማቸውን፣ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን፣ የክርስትናቸውን፣ የምንኩስናቸውን፣ እናታቸው በቁልምጫ የሚጠሯቸውን፣ ቀበሌውን፣ ጎጡን፣ የደብተሩን ቁጥር ሁሉ አስጻፉኝ። ላም የወጋቻቸውን የግራ ጉልበታቸውን ጠባሳ ሳይቀር አሰፈርኩ፤ እምቢ የምልበት ወኔ አልነበረኝም። አራቱ ምስክሮች ሣር በሣር ሆነው ከጣራው ወርደው እንደገና ፈረሙ፣ ጠላውንም እንደገና ጠጡ። በማግስቱ ራፖር ጸሐፊው አንብቦ፣ ይህ ኑዛዜ ሳይሆን የሕይወት ታሪክ ነው ቢልም ወረቀቱ አይወድቅም አለኝ። እፎይ! እንዲህ ያለ እፎይታ ደመወዝ ስቀበል እንኳ ተሰምቶኝ አያውቅም። ሳሉም ለቀቃቸው፤ እማሆይ ይኸው ደህና ናቸው።

ወንድሜ ጌታቸው ግን ሁለት ወር ሙሉ አኮረፈኝ። ለፋሲካ ቤቴ ሲመጣ ታረቅን መስሎኝ ነገሩን ከሥሩ አጫወትኩት። እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጠኝና በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። በዕድሜህ አንድ ጊዜ ለቤተሰብህ የሚጠቅም ስህተት ሠርተህ ነበር፣ እሱንም ሁለት ሰዓት ሮጠህ አረምከው አለኝ።