የከንቲባዋ ያልተቀጠሩ ጠበቃ

በዚህ ዓለም ላይ ሹም የማይታማበት ፀጉር ቤት የለም። ሐሜቱ ሲሞቅ «ቆይ፣ አንዴ!» ብሎ የሚያቀዘቅዝ ሰው የሌለበት ፀጉር ቤትም የለም። የእኛ ሰፈሩ ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። እኛ «ክቡር ጠበቃ» እንላቸዋለን።

ከንቲባዋ ዘመዳቸው አይደለችም። ሰላምታ እንኳ ተለዋውጠው አያውቁም። የባሰው ደግሞ አልመረጧትም። «አልመረጥኳቸውም፣ አልመርጣቸውምም። ግን ያላደረጉትን አደረጉ አይባልም!»

አንድ ክረምት መንገዱ በጎርፍ ተጥለቀለቀ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እያንቀጫቀጨ፣ «የሴትዮዋ ሥራ ነው» አለ። ክቡር ጠበቃ ግማሽ ራሳቸው እንደተላጨ ተነሱ።

«ያንን የጎርፍ ቱቦ የቀበርኩት እኔ ነኝ! ያኔ ሴትዮዋ ተማሪ ነበሩ። መሳደብ ካማራችሁ እኔን ስደቡኝ!»

ሌላ ጊዜ ከንቲባዋ ባሕር ዳርቻ ስትዝናና የሚያሳይ ፎቶ በየስልኩ ዞረ። ክቡር ጠበቃ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። «ጆሮውን እዩት። የእሳቸው ጆሮ የተለጠፈ ነው፤ ይሄ የቆመ ነው።» ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ዜና ሲያይ ጆሮ ጆሮዋን ነው።

ታዲያ አሞጋሽ እንዳይመስሏችሁ። አንዱ ከንቲባዋን ሲያደንቅ ከሰሙ፣ «ቆይ፣ አንዴ! የአውቶቡስ መናኸሪያው ሽንት ቤትስ?» ይላሉ። ስለሱ ብቻ ዘጠኝ ማመልከቻ አስገብተዋል።

ዱላው እኔም ዘንድ ደረሰ። በመናፈሻው ውስጥ የነበረው ትልቅ ዛፍ የተገነደሰ ሰሞን፣ «ለከንቲባዋ አዲስ ቤት እይታ ሲባል ተቆረጠ» ብዬ በጋዜጣ ዓምዴ ጻፍኩ። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ እኔም ማንንም ሳልጠይቅ ምሳሬን ይዤ ወጣሁ። በማግስቱ ክቡር ጠበቃ ቢሮዬ ገቡ። በራሴው ጽሑፍ የተጠቀለለ የዛፉን ጉማጅ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ፈቱት። ከውስጡ የወጣው ምስጥ በወረቀቶቼ ላይ ተርመሰመሰ።

«ማን እንደጣለው እነዚህን ጠይቃቸው» አሉኝ።

«ቤቱስ?» አልኩ፣ ላቤን እየጠረግኩ።

«ኪራይ ነው፤ ያውም ከወንዙ ማዶ። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ሄጄ አይቼዋለሁ።»

ሦስት ቀን አኮረፍኩ። በአራተኛው፣ ተሳስቻለሁ ብዬ ማረሚያ ጻፍኩ። እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ስደርስ የራሴን ስም ሰማሁ። «አፉን አሲዘውት ነው እንጂ እሱ ይታረማል?» ይላል ፀጉር አስተካካዩ። እጄ በሩ ላይ ቀረ። እውነቴን ነው፣ ልመለስ ነበር።

«ቆይ፣ አንዴ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። በመስታወቱ አየኋቸው፤ ፊታቸው በሙሉ አረፋ ነው። «ጽሑፉ የማይረባ ነበር። ከዚያ በፊት የጻፋቸውም አብዛኞቹ የማይረቡ ናቸው። ግን አልተገዛም! አጠገቡ ቆሜ ላብ ሲያጠምቀው ያየሁት እኔ ነኝ። ስህተቱን በአደባባይ ያመነን ሰው እንዲህ ካላችሁት፣ ነገ ማን ያምናል?»

እናቴ እንኳ እንዲህ ተከራክራልኝ አታውቅም፤ እንዲህ ሰድባኝም አታውቅም። ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ አብዛኞቹ ነው ያሉት?»

ጥቂት አሰቡ። «ሁለቱ ደህና ናቸው።»

የትኞቹ እንደሆኑ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። እኔም ፀጉሬ አደገ አላደገ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎናቸው አልጠፋም።