ጎል ያላገባው ሰው የሕይወት ታሪክ

እኛ ሀበሾች ሞትን ለባለቤቱ በቀጥታ መንገር ነውር ነው ብለን እናምናለን። መርዶ የራሱ ሰዓት አለው፤ ጎህ ሲቀድ። የራሱ ሰው አለው፤ ሽማግሌ፣ ጎረቤት፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች። የራሱ ውሸትም አለው፤ መጀመሪያ “ትንሽ አሞት ነበር” ይባላል። ሰውን ባንድ ጊዜ ገደል ከመጨመር በደረጃ ማውረድ ይሻላል በሚል ነው። ፈረንጆች ደግሞ ደረጃ አይወዱም። የባሌ እህት ዴኒዝ የደወለችልኝ በቀትር ነው፤ ጅቡቲ ከነፍየሎቿ ጥላ ፈልጋ በምትጋደምበት፣ ጫት የደረሰለት ሰው ሁሉ ትራስ በሚደገፍበት ሰዓት። እኔ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ባለችው የስፌት ቤቴ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር። “አስቴር፣ ሉክ ማታ ሞተ፤ ልቡ ነው” አለችኝ በፈረንሳይኛ። ይኸው ነው። መቅድም የለው፣ ማዘናጊያ የለው። ስልኩን አስቀምጬ የጀመርኩትን እጅጌ ሰፍቼ ጨረስኩ። ስፌት መሃል ላይ ከተተወ ይተረተራላ።

ማታ ጎረቤቴ የሺ ስትሰማ ከሞቱ ይልቅ አነጋገሩ አስደነገጣት። “በስልክ? በጠራራ ፀሐይ? እንደ መብራት ቆጣሪ?” አለች። ዕድሩ ተሰብስቦ ያ መርዶ እንዳልተነገረ ይቆጠር ብሎ ወሰነ። በማግስቱ ንጋት ላይ በሬ ተንኳኳ። የዕድሩ ጸሐፊ አቶ ታደሰ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ሆነው ገቡ። “ወይዘሮ አስቴር፣ አቶ ሉቃስ ትንሽ አሟቸው ነበር” አሉኝ። ምን ልበል? አውቄዋለሁ ይባላል? “ምነው? ምን ሆነ?” አልኩ። “ጠናባቸው” አሉ። “እና?” አልኩ። “እግዜር ወሰዳቸው” አሉ። ያኔ አለቀስኩ። በቀትር ያልመጣው ለቅሶ በንጋት መጣ። ልማድ ሞኝ ይመስላል እንጂ ሥራውን ያውቃል።

እነሱ ሉቃስ ያሉት እኔ ሉክ የምለውን ነው። ከካናዳ፣ ፈረንሳይኛ ከሚነገርበት ወገን የመጣ፣ በር ሲገባ ትከሻውን ማጣመም ያለበት ሰው ነበር። ወደ ጅቡቲ የመጣው ወደቡ ላይ የማቀዝቀዣ መጋዘን የሚተክል ጓደኛውን ለጥቂት ወራት ላግዝ ብሎ ነው። ጥቂት ወራት እዚህ አገር ምን ያህል እንደሚረዝም የኖረበት ያውቀዋል። እኔ በሰው ቤት ተቀጥሮ ከማደር ወጥቼ የስፌት መኪናዬን ከተከልኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። አንድ ቀን የተቀደደ ጓንት ይዞ መጣ። ጓንት የምለው ሌላ ስም ስላጣሁለት ነው፤ ስፋቱ የሕፃን ትራስ ያህላል። የየትኛው እንስሳ እጅ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ከት ብሎ ሲስቅ የፊት ጥርሶቹ ሰው ሠራሽ መሆናቸውን አየሁ። ሥራዬ ነው የወሰደብኝ አለኝ። ጥርስ የሚበላ ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው? ትዳራችን የተጀመረው ከዚህች ጥያቄ ነው።

ሉክ ሆኪ ተጫዋች ነበር፤ ያውም ደመወዝተኛ። ሆኪ ማለት ስለት የተተከለበት ጫማ አጥልቆ በበረዶ ወለል ላይ እየተንሸራተቱ፣ ጥቁር ጠፍጣፋ ጎማ በዱላ እየመቱ በሰው መረብ ውስጥ ለመክተት መራኮት ነው። እሱ ግን ከሚከቱት ወገን አልነበረም። ተከላካይ ነበር። ልጅነቱን ደጃቸው ባለው ወንዝ ላይ፣ ወንዙ በረዶ ሲሠራ፣ ጨረሰው። ጎልማሳነቱን ደግሞ ከአንዱ ትንሽ ከተማ ቡድን ወደ ሌላው ትንሽ ከተማ ቡድን ሲዞር አውቶቡስ ውስጥ ጨረሰው። ትልልቆቹ ቡድኖች አንድ ጊዜ ጠርተውት፣ አይተውት፣ በጨዋ ደንብ መልሰውታል። ጉልበቱ ሲከዳው አሰልጣኝ ሆነ። መጫወት ያልቻለ ያሰለጥናል ብለው የሚያሙ አሉ። መጫወቱንም ማሰልጠኑንም ያልቻልን ደግሞ እናማለን።

በረዶ በሌለበት አገር የሆኪ አሰልጣኝ ምን ሊሠራ? በረዶማ አለ፤ ዓሣ ሻጮቹ ጋ። ሉክ ግን አምቡሊ ውስጥ፣ ከደረቁ ወንዝ አጠገብ፣ የተተወ የሲሚንቶ ግቢ አገኘ። ዓርብ ዓርብ ፀሐይ ሳትከር፣ የባልባላ ሰፈር ሚኒባስ ረዳቶችንና የወደብ ጫኞችን ሰብስቦ በሸራ ጫማና በቴኒስ ኳስ ያሰለጥናቸው ጀመር። የጉልበት መከላከያውን ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ችግሩ አንድ ነበር፤ ሁሉም ጎል ማግባት ይፈልጋል። መከላከል የሚፈልግ ሰው በዚያ ግቢ አልተገኘም። ሉክ አንድ ቀን ሮብሌ የሚባለውን የሚኒባስ ረዳት መሃል ላይ አቁሞ፣ “ሁላችሁም ከነዳችሁ በሩን ማን ይዘጋዋል?” አለው። ሮብሌ፣ “ኮች፣ ዋላሂ እኔ ሳምንቱን ሙሉ በር ስዘጋ ነው የምውለው፤ ዓርብ እንኳ ልንዳ እንጂ!” አለው። ሉክ ራሱ ሄዶ መረቡ ፊት ቆመ።

ወደ ለቅሶው ልመለስ። ሉክ የሞተው እህቱን ሊጠይቅ በሄደበት፣ በእነሱ የበረዶ ወራት ነው። ቀብሩ መቼ ነው ብዬ ስጠይቅ ዴኒዝ፣ መሬቱ በረዶ ስለሆነ አይቆፈርም፣ እስኪቀልጥ ይቆያል አለችኝ። ይህን ለዕድሩ ስናገር ድንኳኑ ተተራመሰ። እዚህ ከተማ ጠዋት የሞተ ሰው ከሰዓት በኋላ አፈር ቀምሷል፤ ሙቀቱ ቀጠሮ አይሰጥም። “ዶማ የላቸውም?” አለች የሺ። “ሀብታም አገር አይደለም እንዴ?” አለ ሌላው። አቶ ታደሰ ብዙ አስበው ፍርዳቸውን ሰጡ። ሬሳ ከሌለ፣ ቀብርም ከሌለ፣ የሟች የሕይወት ታሪክ በሰልስቱ እዚሁ ድንኳን ውስጥ ይነበባል፤ እሱም እንደ ቀብር ይቆጠራል። እኔም ተስማማሁ። ስስማማ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ሉክ እዚህ አገር የሚኖረው መቃብር ያቺ ወረቀት ናት። እላይዋ ላይ ሌላ ሰው ከተጻፈ ሌላ ሰው ተቀበረ ማለት ነው። ጠበቅ አድርጌ የያዝኩት ለዚህ ነው።

አቶ ታደሰ የሕይወት ታሪክ በመጻፍ በጅቡቲ ሀበሻ ዘንድ የታወቁ ናቸው። በእሳቸው ብዕር ሰነፍ ሞቶ አያውቅም። ብዕራቸውን አሹለው መጡና፣ አባት ማን፣ አያት ማን፣ ትውልድ ቦታ የት ብለው ጠየቁኝ። ከአባታቸው ከአቶ ማርሴል እስኪሉ ድረስ መንገዱ ቀና ነበር። ሥራው ላይ ስንደርስ ተያያዝን። በበረዶ ላይ በዱላ የሚጫወቱት ብዬ ሳስረዳ ፊታቸው በራ። “ገና ነው በይኛ!” አሉ። ገና ነው አልኩ፣ የፈረንጅ ገና። “ዓመቱን ሙሉ ገና ይጫወታሉ?” አሉ። አዎ። “ደመወዝ ይከፈላቸዋል?” አዎ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል የሰሙት አቶ ታደሰ፣ ጌታው ራሱ የሚከፍልበት አገር መኖሩ ትንሽ አስቀናቸው። “መልካም። ስንት ጎል አገቡ?” አሉ። ተከላካይ ነው፣ ጎል እንዳይገባ ነው የሚከላከለው አልኩ። የሺ ከጓዳ ሆና፣ “ዘበኛ ነበር በይኛ!” አለች።

ለማንኛውም ዴኒዝን ጠየቅሁ። አሰብ አድርጋ፣ አንድ አስታውሳለሁ አለች፤ እሱንም ያገባው በገዛ ቡድኑ ላይ ነው። ይህን ለአቶ ታደሰ ስነግራቸው ብዕራቸውን አስቀመጡ። “ሙት ወቃሽ አያድርገኝ! እኔ በሰው ሰልስት ላይ ጎል አላገባም ብዬ ልሳደብ?” አሉ። ስድብ አይደለም፣ ሥራው ነው አልኳቸው። “ልጄ፣ ሕዝቡ ምን ብሎ ያልቅስለት? ሰው የሚያለቅሰው ለሆነ ነገር ነው፤ ላልሆነ ነገር እንዴት ይለቀሳል?” አሉኝ። እውነት ለመናገር ጥያቄው ከብዶኝ ነበር። ብቻ የባሌን መቃብር ለሌላ ሰው አልሰጥም አልኩና ተከላካይ ብለው እንዲጽፉ ለመንኳቸው። “እሺ” አሉኝ። አቶ ታደሰ እሺ ሲሉ ሰምቶ የተኛ ሰው ነቅቶ ይጠብቅ።

በሰልስቱ ድንኳኑ የካርቲየ ሰባትን መተላለፊያ ሞልቶ ተተከለ። ተጫዋቾቹ የሚጫወቱበትን ዱላ ይዘው ከኋላ ቆሙ። አቶ ታደሰ መነጽራቸውን አድርገው ተነሱ። ትውልዱን አነበቡ፣ ልጅነቱን አነበቡ፣ ወንዙን አሳምረው አነበቡ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “በዘመናቸው እጅግ የተፈሩ አጥቂ ሲሆኑ፣ ለቁጥር የሚታክቱ ጎሎችን በማስቆጠር…” ሲሉ ሮብሌ ወደ እኔ ዞሮ ዓይኑን አፈጠጠ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል። የሉክን አንገት ግን አቶ ታደሰ የግመል አደረጉት። የሟች ሚስት በለቅሶ ላይ ከማልቀስ በቀር መናገር የለባትም። ያም ሆኖ ከፍራሹ ላይ ተነስቼ “ወንበር!” አልኩ።

ወንበር ምን እንደሆነ ላስረዳ። የዕድራችን ስብሰባ ድሮ ከስድብ ተለይቶ አያውቅም ነበር። ሉክ አባል ከሆነ በኋላ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ድንኳኑ ማን ቤት ይቀመጥ በሚል ሊተናነቁ ሲሉ፣ መሃላቸው ገባና አንድ ወንበር አንስቶ ጥግ አስቀመጠ። በእነሱ ጨዋታ ያጠፋ ሰው ሁለት ደቂቃ ከሜዳ ወጥቶ እንደሚቀመጥ፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ እንደሚጫወት በእኔ አስተርጓሚነት ተናገረ። ሽማግሌዎቹ፣ ፈረንጅ እንደ ተማሪ ጥግ ሊያስቀምጠን ነው ብለው ተቆጡ። እያደር ግን ወደዱት። ከእኛ እርቅ ይልቅ ያጥራላ! አማላጅ መላክ የለ፣ ድንጋይ መሸከም የለ፤ አፍን ይዞ ሁለት ደቂቃ መቀመጥ ብቻ። ስድብና ውሸት በወንበር ያስቀጣል ብለው ደንቡ ውስጥ ያስገቡት ማን ይመስላችኋል? ጸሐፊው ናቸው።

አቶ ታደሰ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። “ወይዘሮ አስቴር፣ ለቅሶ ላይ ነን እኮ” አሉ። “ደንቡ ለቅሶ ላይ አይሠራም ይላል?” አልኳቸው። አይልም። ወረቀታቸውን አጥፈው ጥግ ሄደው ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ዘግይተው የገቡ ሰዎች የኅሊና ጸሎት መሰላቸውና ባሉበት ቆመው አንገታቸውን ደፉ። እነሱን አይተው የተቀመጡት ሁሉ ተነሱ። ከመንገዱ ማዶ የነበሩ የሱማሌ ሽማግሌዎች ሕዝቡ ሲቆም አይተው መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ያዙ። አንድ ጸሐፊ በመቀጣታቸው ለባሌ ሁለት ሃይማኖት ባንድ ጊዜ ጸለየለት። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ነበር፤ ለልቅሶ ይሁን ለሳቅ እንዳትጠይቁኝ።

ጊዜው ሲያበቃ አቶ ታደሰ ተመልሰው መጡ። ወረቀቱን አልዘረጉትም። “አቶ ሉቃስ ጎል አላገቡም” አሉ። ድንኳኑ አጉረመረመ። “ሥራቸው ሌላው እንዳያገባ ነበር። ስንት እንዳስቀሩ የሚያውቅ የለም፤ ያልደረሰ ነገር አይቆጠርማ። ብቻ ስለ ድንኳኑ የተጣላን ቀን እኔና ሊቀመንበሩ አንገት ለአንገት ልንያያዝ ስንል መሃላችን የቆሙት እሳቸው ነበሩ። ቢላዋ በኪሴ ነበረ። ካስቀሩት እሷን አንዷን እኔ አውቃታለሁ” አሉና ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን ኪሳቸው ከተው ወደ አቶ ታደሰ ተጠጉ። ከኋላ ሮብሌ ዱላውን መሬት ላይ መታ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በሆኪ አገር ክብር የሚሰጠው እንዲህ ነው፤ ሉክ ነው ያስተማራቸው። የሺ ግን ይህን ከየት ታውቀው? ጠብ የተነሳ መስሏት የንፍሮውን ሳህን እንዳቀፈች ጠረጴዛ ሥር ገባች። ሕዝቡ ያለቀሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ ላልሆነው ነገር ሁሉ።

እንግዲህ በረዶው ሲቀልጥ ዴኒዝ ትደውላለች። እስከዚያ እናንተም በየምትጸልዩበት ሉክን አስቡልኝ። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ለቅሶ ላይ እንደምንለው ገነት ያግባው ብላችሁ እዚያ ላይ እንዳታቆሙ። ወደ ውስጥ፣ እስከ ጓዳው ድረስ ያዝልቀው በሉ። መግቢያው ላይ ከተዉት የዕድሜ ልክ ልማድ ነውና ማንንም አያሳልፍም። ሚስቱ ነኝ ብዬ ብመጣም።